የአሶሳዋ ሲት አምናና የልብ ወለዳችን ጠባብ ቀሚስ

የአማርኛ ልብ ወለድ መንገዱን የጀመረው የወንድ ልብስ በለበሰች ሴት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው፣ ወንድሟ ዋሂድ ለባርነት የተሸጠባትን ልጅ ታሪክ ይተርካል። ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር የወጣችው ሴትነቷን ደብቃ ነው። በወንድ ልብስ አገር ታቋርጣለች፤ ወንድ መስላት የወደደቻትም አለች። መጨረሻ ላይ ግን ልብሱ ይወልቃል፤ ጦቢያ የንጉሥ ሚስት ትሆናለች፤ ታሪኩም በሰርግ ያልቃል።

በዚያች የመጀመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው፣ አገሩ ሰው የሚሸጥበት አገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሴት ልጅ በዚያ አገር እንደ ልቧ ለመንቀሳቀስ ሴት አለመምሰል የሚኖርባት መሆኑ ነው።

በእነዚያው አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በአሶሳና በሱዳን ድንበር መካከል፣ ወንድ መምሰል ያላስፈለጋት ሴት ነበረች። ስሟ አምና ነው። የታወቀችው «ሲት አምና» ተብላ ነው፤ «ሲት» በዓረብኛ እመቤት ማለት ነው። የአሶሳው ገዥ የሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ሚስት ነበረች። ሥራዋ የሰው ንግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ሱዳንን ያስተዳድሩ የነበሩት እንግሊዞች ይዘው ለፍርድ አቀረቧት፤ አሰሯትም።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለችን ሴት የአማርኛ ልብ ወለድ በሚያውቃቸው የሴት መልኮች መጻፍ ይቻላል ወይ? መልሱ አምናን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የሸጠቻቸውን ሴቶችም፣ ዛሬ በዚያው ምድር ወርቅ የሚያጥቡትንም ይነካል።

■ ከሣጥኑ የሚወጡት ልብሶች

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ በጻፉት መጽሐፍ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ተችተዋል። ለጊዜው ደፋር ሐሳብ ነበር። ሴቲቱ ግን በዋናነት የምትታየው ትዳሯ እንዲስተካከልላት የሚገባ ሰው ሆና ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የባላባቱን ሥርዓት እርቃኑን አስቀረው። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ አባቷ በዘር ኩራት ባል ሲያማርጡላት ዕድሜዋ ይሄዳል። የወደደችው በዛብህ ደግሞ ድሃ አስተማሪዋ ነው። ከቤት ጠፍታ ፍለጋ ትወጣለች፤ ስታገኘው ሊሞት ነው። ከዚያ በኋላ ለእሷ የቀረላት ምንኩስና ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ለሰብለ ምን ያህል እንዳዘኑላት መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም የሰብለ ጥንካሬ የሚለካው በመጠበቅ፣ በመታመንና በመቃብር ዳር በመቅረት ነው።

በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። ሮማን አዲስ አበባ ሆና እጮኛዋን ትጠብቃለች። ፊያሜታ አስመራ ላይ ልቡን ትወስደዋለች። አንዷ ታማኝ ቤት ናት፤ ሌላዋ አደገኛ ውበት። ልብ ወለዱ ስለ ጦርነትና ስለ ፕሮፓጋንዳ ብዙ እውነት ሲናገር፣ በሁለቱ ሴቶች አከፋፈል ግን የቆየውን መንገድ ይከተላል።

ሣጥኑ ሲፈተሽ እንግዲህ ጥቂት ልብሶች ናቸው የሚወጡት። የምትጠብቅ ሴት አለች። የምታሳስት አለች። የተበደለችና የሚታዘንላት አለች። ለጊዜው ወንድ ሆና በኋላ ወደ ሙሽርነት የምትመለስ አለች። ከሁሉ የሚቀድም፣ ከልብ ወለድም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው አምስተኛ ልብስ ደግሞ አለ፦ የዮዲት ጉዲት። በትውፊት ሥልጣን በእጇ የገባ ሴት አገር ታጠፋለች፣ ቤተ ክርስቲያን ታቃጥላለች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ደግሞ ትምህርቱን በአንድ መስመር ይቋጨዋል።

እነዚህን መጻሕፍት የጻፉት ወንዶች ናቸው። የሴት ብዕር ግን አልነበረም ማለት አይደለም። ስንዱ ገብሩ ከአሶሳ በስተደቡብ ባለችው ጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ በጣልያን ተይዘው አዚናራ ደሴት ታስረዋል። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ፤ ኋላም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። የደራሲዋ ሕይወት በዘመኑ ልብ ወለድ ከነበሩት ሴቶች ሕይወት ሁሉ ይሰፋ ነበር።

■ ወርቅና ሰው

አምናን ለመረዳት አገሯን ማወቅ ይፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቤላ ሻንጉል በሦስት ሼሆች ተከፍላ ነበር። ዓብዱረሕማን ሆጀሌ ቤላ ሻንጉልን፣ መሐመድ ወድ ማሕሙድ ሆሞሻን፣ ሆጀሌ አል ሐሰን አሶሳን ይዘው ነበር። ገዥዎቹ ቤተሰቦች ከሱዳን የመጡ ዓረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎችና የበርታ ተወላጆች የተጋቡባቸው ናቸው። በ1890 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ምድሩን ያዘ፤ ሼሆቹም ተማርከው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ።

ከእነሱ መካከል ከፍ ብሎ የወጣው ሆጀሌ ነው። ከእስር ተፈትቶ ተመለሰ፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር እየከፈለ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ከሥሩ አደረገ። ግብሩ ወርቅ ነበር፣ የዝሆን ጥርስ ነበር፣ ሰውም ነበር። በአዲስ አበባ ያሠራው ትልቅ ቤት እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ ቆሟል።

ወርቁን ከወንዝ አሸዋ የሚያወጣው ተራው ሕዝብ ነው። ሰዉ ደግሞ የሚመጣው ጦር መሣሪያ ከሌላቸው ጎረቤቶች፣ ከማኦና ከኮሞ፣ ከጉሙዝ፣ ከራሱ ከበርታም መንደሮች ነበር። በወርቅ ጠመንጃ ይገዛል፤ በጠመንጃ ሰው ይታደናል፤ የታደነው ሰው ከፊሉ ወደ መሃል አገር፣ ከፊሉ ወደ ሱዳን ይሄዳል። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለነበረው የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት የድንበሩን ሚና በስፋት ያሳያል።

ድንበሩ የተሰመረው በግንቦት 1894 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል ነው። መስመሩ አንዱን ምድር ለሁለት ሕግ ከፈለው። በአንድ በኩል የሚፈለግ ሰው ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በአንድ በኩል የታደነ ሰው በሌላው በኩል ይሸጣል። አምና የሠራችው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ባሏ በኢትዮጵያ በኩል ገዥ ሆኖ ሲቀመጥ፣ እሷ በሱዳን በኩል ድንበሩ አካባቢ ሰፍራ የሚሻገሩትን ሰዎች ተቀብላ ወደ ገዢዎች ታስተላልፍ ነበር። በአንድ ቤተሰብ እጅ የድንበሩ ሁለት ጫፎች ተያዙ።

በመካከሉ ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የባሪያ ንግድን የሚገታ አዋጅ አወጡ። አዋጁ ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ ለመድረስ ግን ጊዜ ወሰደበት። አምና የተያዘችው አዋጁ በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ በሱዳን ምድር፣ በሌላ መንግሥት እጅ ነው። ባርነት በኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው።

■ ዮዲትም አይደለችም፣ ጀግናም አይደለችም

አንድ ደራሲ ይህን ታሪክ ቢያነሳ ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው ዮዲት ማድረግ ነው። ሰው የምትሸጥ ሴት፣ ያውም የድንበር እመቤት፣ ለጭራቅነት የተመቸች ናት። አንባቢ ሊጠላት ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ችግሩ፣ ሴቲቱ ጭራቅ ስትሆን ሥርዓቱ ነፃ ይወጣል። አምና ብቻዋን አልነገደችም። ያደኑት ወንዶች ነበሩ፤ ጠመንጃውን የሸጡ ነበሩ፤ ግብሩን የተቀበሉ ነበሩ፤ በመሃል አገርም በሱዳንም ገዝተው ቤታቸው ያስገቡ ነበሩ። የሆጀሌ ስም በቤት ላይ ቀርቷል። የእሷ ስም የቀረው በዋናነት በፍርድና በእስር ወሬ ነው። የአንድ ንግድ ሁለት ባለቤቶች ሲሆኑ ወንዱ «ገዥ»፣ ሴቷ «ባሪያ ነጋዴ» ተብለው መመዝገባቸው ራሱ ታሪክ የሴትን ሥልጣን እንዴት እንደሚያይ ይናገራል።

ሁለተኛው ወጥመድ አዲስ ነው፤ የዘመናችን ነው። «ጠንካራ ሴት» መፈለግ ይባላል። ማኅበራዊ ሚዲያው በየማርች 8 «ታሪክ የረሳቸው ጀግኖች» እያለ ፎቶ የሚደረድርበት ጊዜ ነው። ድንበር የተሻገረች፣ ሰዎች ያዘዘች፣ ሁለት መንግሥታትን ያስቸገረች ሴት ለዚህ ዝርዝር ትመቻለች፤ ምን እንደነገደች ካልተነገረ። እሷን ማሞገስ ግን የሸጠቻቸውን ሴቶች ዳግመኛ መሸጥ ይሆናል።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ለጸሐፊ ከባድ የሆነው ይህ ነው፦ አምናን እንደ ማንኛውም በታሪክ ውስጥ በደል እንደሠራ ወንድ ማየት። ምን ፈለገች? ምን ፈራች? ባሏ ሌሎች ሚስቶች ሲኖሩት የራሷን ገቢ መያዝ ለእሷ ምን ነበር? ማታ ላይ ሒሳቧን ስታስብ ሰውን በምን ቁጥር ትቆጥረው ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች በደሏን አያቀሉም። እንዲያውም ያከብዱታል፤ ምክንያቱም ጭራቅ አይጠየቅም፣ ሰው ግን ይጠየቃል። ለሴት ሙሉ ሰውነት መስጠት ማለት ጥፋቷንም ሙሉ አድርጎ መስጠት ነው።

■ ወደ ጓዳ የገቡት

ከአምና ይልቅ ልብ ወለድ ዕዳ ያለበት ግን ለተሸጡት ነው።

ከማኦ፣ ከኮሞ፣ ከጉሙዝና ከበርታ መንደሮች የተወሰዱ ሴቶች የት ደረሱ? ብዙዎቹ በየባላባቱ ጓዳ ገቡ። ፈጩ፣ ውሃ ቀዱ፣ እንጨት ተሸከሙ፣ የሰው ልጅ አሳደጉ። የእናታቸው ቤት ስም ቀረ፤ አዲሱን ስም የሚያወጣው ጌታው ነው። የመጡበት አገር ሕዝብ ደግሞ በሙሉ «ሻንቅላ» በሚል አንድ የንቀት ስም ተጠቀለለ። የራሱ ቋንቋ፣ ጋብቻና ዳኝነት ያለው ብዙ ሕዝብ በአንድ ቃል ቀለምና ጉልበት ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ ተመለሱና የትልልቁን ቤት ጓዳ እዩ። ገረዷ አለች። ወጥ ትሠራለች፣ እግር ታጥባለች፣ መልእክት ታደርሳለች፣ አንዳንዴ ታስቃለች። ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደወለዳት፣ በምን ቋንቋ እንደምታልም ግን የሚነገርባቸው ገጾች ጥቂት ናቸው። በ«ጦቢያ» ዋሂድ ሲሸጥ ሐዘኑ የመጽሐፉ ሞተር ሆነ፤ የተሸጠው የትልቅ ሰው ልጅ ነዋ። የድሃዋ ልጅ ስትሸጥ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከተሸጠች በኋላ ነው፤ ማጀት ውስጥ፣ እንስራ ይዛ።

ቋንቋው ራሱ በዚህ ይተባበራል። የአማርኛ ተራኪ አንዲትን ሴት ገና ወደ ክፍሉ ስትገባ «ገባች» ወይም «ገቡ» ማለት ግዴታው ነው። ምንም ሳትሠራ፣ ምንም ሳትናገር፣ ደረጃዋ በግሱ ጫፍ ላይ ተወስኗል። ወይዘሮዋ «ተቀመጡ»፣ ገረዷ ዕድሜዋ ቢበልጥም «ቆመች»። አንባቢ ይህን አያስተውለውም፤ ስለዚህ ነው ኃይል ያለው። ስለ አሶሳ በሚወራበት ጊዜም ሼሁ «እሳቸው»፣ ሚስቲቱ «እሷ» እየሆኑ መጥራት ቀላል ነው። በዚህ ጽሑፍ ባልና ሚስት በአንድ ሚዛን «እሱ» እና «እሷ» የተባሉት ለዚህ ነው።

■ ሌላው ዓለም እንዴት ጻፈው?

መዝገቡ ቀጭን ነው፣ ከጥቂት መስመር ልብ ወለድ አይወጣም የሚል ካለ፣ የቶኒ ሞሪሰንን «ቢላቭድ» ማስታወስ ይበቃዋል። ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ባሪያ እ.ኤ.አ. በ1856 ከኬንታኪ ወደ ኦሃዮ አመለጠች። አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ልጇ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ በእጇ ገደለቻት። ሞሪሰን ይህን ያገኘችው በአሮጌ የጋዜጣ ጽሑፍ ነው። በ1987 መጽሐፉ ሲወጣ እናቲቱ ጭራቅ አልሆነችም፣ ቅድስትም አልሆነችም። አንባቢ ከእሷ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ተገደደ እንጂ።

ከቤታችንም ምሳሌ አለ፤ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶ ኪንግ» በ2019 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ደርሷል። ዋናዋ ሰው ሂሩት ወላጆቿን ያጣች የቤት ሠራተኛ ናት፤ እመቤቷ አስቴር ደግሞ በደል የደረሰባትም፣ በደል የምታደርስም ሴት ናት። ሁለቱም ወደ ጣልያን ጦርነት ይዘምታሉ፤ ጦርነቱ ግን በመካከላቸው ያለውን የጌታና የሎሌ ቁስል አያጠፋውም። ይህ ለአምና ታሪክ ቅርብ የሆነ መንገድ ነው፦ ሴት በሴት ላይ ያላትን ሥልጣን ሳይሸፍኑ መጻፍ።

■ «ቁስል አትቀስቅሱ» ለሚሉ

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም።

አንደኛው፣ ልብ ወለድ የታሪክ ማኅደር አይደለም፣ ደራሲ የፈለገውን ይጻፍ የሚል ነው። እውነት ነው። ደራሲን «ስለ አሶሳ ጻፍ» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፤ በትእዛዝ የተጻፈ ልብ ወለድ ምን እንደሚመስል ይህች አገር ታውቃለች። ነገር ግን ደራሲ ሴትን ሲጽፍ የሚጠቀምባቸው መልኮች ከራሱ ብቻ የመጡ አይደሉም። ከሣጥኑ ያነሳቸው ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደሌለ ማሳየት ትእዛዝ አይሆንም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በቅርብ ዓመታት ብዙ ደም ያየ ክልል ነው። በመተከልና በካማሺ ሰዎች በማንነታቸው ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል። በዚህ ላይ የባሪያ ንግድን ማንሳት ለአንዱ ወገን ዱላ ማቀበል አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ በግማሽ ከተነገረ። አምናን የበርታ ሕዝብ ምልክት ማድረግ ሐሰት ነው፤ ከበርታ መንደሮችም ሰው ተወስዷልና። ሻጩን ብቻ ነግሮ ገዢውን መተውም ሐሰት ነው፤ ገዢው ቤት መሃል አገር ነበርና። ዝምታ ግን ዱላውን አላጠፋውም። «ሻንቅላ» የሚለው ቃል በዝምታው ውስጥ ነው ዕድሜ ያገኘው።

■ ዛሬ በዚያ ምድር

ክልሉ ዛሬ በዜና የሚነሳው በሁለት ነገር ነው፤ በጉባ በተገነባውና በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የህዳሴ ግድብና በግጭት። የክልሉ ሴት በዚህ ዜና ውስጥ ስትመጣ ወይ ተፈናቃይ ናት፣ ወይ «ጎጂ ልማድ» በሚል ርዕስ ሥር የተቀመጠች ፎቶ። በትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ በሁለት ጫፉ ሸክም ያንጠለጠለች የጉሙዝ ሴት ለካሜራ የተመቸች ናት። ካሜራው ግን ወዴት እንደምትሄድ አይጠይቃትም።

ለምሳሌ የጉሙዝን የልውውጥ ጋብቻ እንውሰድ። በዚህ ሥርዓት ሚስት የሚፈልግ ወንድ እህቱን ወይም ዘመዱን ለሚስቱ ወገን ይሰጣል። በሪፖርት ላይ ጉዳዩ በአንድ አንቀጽ ያልቃል፦ ሴቷ ተበዳይ ናት፣ ልማዱ ይቅር። በደሉ እውነት ነው። ግን ሁለት ትዳሮች እንደ አንድ ገመድ ሁለት ጫፎች የታሰሩበትን ሕይወት አስቡት። አንዲቱ ከከፋት ባሏ ጥላ ብትወጣ የወንድሟ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ብትቆይ የራሷ ሕይወት ይፈርሳል። በሌላው ጫፍ ያለችው ሴት ደግሞ ባሏን ትወደው ይሆናል፤ የማታውቃት ሴት ውሳኔ ግን ጎጆዋን ይነቀንቀዋል። ከሰብለ ወንጌል ጭንቀት ያላነሰ ጭንቀት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ መፍትሔው መጠበቅ አይደለም። እያንዳንዷ ሴት የምትወስነው ነገር ሌላዋን ሴት ይመታል።

ወይም በመንጌ፣ በሸርቆሌና በኩርሙክ አካባቢ ወርቅ የሚያጥቡ የበርታ ሴቶችን ተመልከቱ። አሸዋውን በገበቴ እያዞሩ ከቅንጣት ቅንጣት ይለቅማሉ። ይህ ወርቅ ሼሆችን ያበለጸገ፣ የምኒልክን ጦር የሳበ፣ ጠመንጃ የገዛ ወርቅ ነው። የምዕራቡ ታሪክ በዚያ ገበቴ ላይ ዞሯል ቢባል ማጋነን አይደለም። ሆኖም ስለ ወርቁ ሲወራ የሚነሱት ስሞች የራስ መኮንንና የሆጀሌ ናቸው። ገበቴውን የያዘው እጅ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና ባለ ታሪክ አልሆነም።

በዚህ ክልል አምስት ነባር ሕዝቦች አሉ፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። በየቋንቋቸው አያቶች የሚያወሩት የራሳቸው የሴት ታሪክ አላቸው፤ የተወሰደች አክስት፣ ያመለጠች እናት፣ ተሸጣ ያልተመለሰች እህት። ያን ወሬ ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ከአዲስ አበባ መምጣት የለበትም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አላት። በዚያ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ወጣቶች አያቶቻቸውን በስልካቸው ቀድተው ማስቀመጥ ዛሬውኑ ይችላሉ። አያቶቹ ግን ዘላለም አይኖሩም።

ጦቢያ ከ110 ዓመታት በላይ በፊት የወንድ ልብስ ለብሳ የተሸጠውን ወንድሟን ፈልጋ አገኘችው። የተሸጡትን እህቶች ፍለጋ የወጣ ግን እስከ አሁን ብዙ የለም። ፍለጋው ሲጀመር መንገድ ላይ ሲት አምናን ማግኘት አይቀርም። ያን ጊዜ ጸሐፊው አይኑን ከእሷ ባያነሳ፣ በማድነቅም በመራገምም ባይሸፍናት፣ ከኋላዋ የቆሙትን ሴቶች አንድ በአንድ ማየት ይጀምራል። የመጀመሪያ ሥራውም ስማቸውን መጠየቅ ነው።